መንገድ የሚያሳይና መንገድ የሚመርጥ

በገበያ ቀን ወደ አዴት በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ብዙዎቻችን ያየነው ነገር አለ። አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ የበትራቸውን አንድ ጫፍ ይዘዋል፤ ሌላውን ጫፍ የያዘው ከፊታቸው የሚሄድ ትንሽ ልጅ ነው። ልጁን «መሪ» እንለዋለን። ጉድጓዱን የሚያየው፣ ጭቃውን የሚያሻግራቸው፣ ባጃጅ ሲመጣ ጥግ የሚያስይዛቸው እርሱ ነው። ያለ እርሱ ዐይን ጉዞው ከባድ ነው። ሆኖም ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው ልጁ አይደለም። ወደ ገበያ ይሁን ወደ ለቅሶ ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሁን ወደ ዘመድ፣ መድረሻውን የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው። ልጁ ከመንገዱ ወጥቶ ጓደኞቹ ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይዟቸው ቢሄድ «መራቸው» አንልም፤ «ጎተታቸው» እንላለን።

እንግዲህ በመምራት ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ ማለት ነው፦ መንገድ ማሳየትና መንገድ መምረጥ። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን በበትሩ ሁለት ጫፍ ላይ በቀላሉ እናያለን። ነገሩ ወደ ድርጅት፣ ወደ ኮሚቴና ወደ መድረክ ሲመጣ ግን እንረሳዋለን። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አብረው የሚሠሩበትን የጥበብ ቤት ማን ሊመራው ይገባል? ማንስ ሊያስተዳድረው?

ጥያቄው ለምን የእኛ ሆነ?

«አካታች የጥበብ ማዕከል» የሚለው ስም ለጆሮ አዲስ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የሚያይና የማያይ፣ የሚሰማና የማይሰማ፣ በሁለት እግሩ የሚቆምና በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው አብረው ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ሥዕል ወይም ዳንስ የሚማሩበትና የሚያቀርቡበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን የሚያዳብሩበትና የሚጠቀሙበት ዕድል እንዲያገኙ ይደነግጋል። ምክንያቱንም ሲሰጥ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡም እንዲበለጽግበት ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ቁም ነገር አለው። አካል ጉዳት ያለበት ወጣት ወደ ጥበብ ቤት የሚገባው እኛ ልንራራለት ብቻ አይደለም፤ እርሱም የሚሰጠን ነገር ስላለው ነው።

እንዲህ ያሉ ማዕከላት የሚገኙት በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። የአዴት ወይም የቡሬ ወጣት ግን ዜማ የሚማረው፣ ድራማ የሚለማመደው፣ ግጥም የሚያነበው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኛ የጥበብ ማዕከል የመዘምራን ቡድናችንና የድራማ ክፍላችን ነው። እዚያ ማን መድረክ ላይ እንደሚወጣ፣ ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ፣ የልምምድ ሰዓትና ቦታ እንዴት እንደሚወሰን የሚነግረን የኮሚቴው ስብሰባ ነው።

ጥያቄው አሁን የሚያስቸኩልም ምክንያት አለው። ትራኮማ ከድሮ ጀምሮ በክልላችን ገጠር የብዙ ሰው ዐይን ሲያጠፋ ኖሯል። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ደግሞ ትናንት ከእኛ ጋር ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ወጣቶችን እጅና እግር፣ ዐይንና ጆሮ አሳጥቷል። እነዚህ ወጣቶች ወደ ቡድናችን ሲመጡ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለታችን አይቀርም። ከዚያ ቀጥሎ የምናደርገው ግን ገና አልተወሰነም።

ደጅና ወንበር

በአገራችን አካል ጉዳትና ጥበብ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ሁለት የቆዩ ምሳሌዎችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የላሊበሎች ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው እያዜሙ ይለምናሉ፤ ሲሰጣቸውም ይመርቃሉ። ማዜሙን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ዜማቸው ያማረ ነው፤ የባለቤቱን ስም እያነሡ ሲያወድሱ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ፈገግ ይላል። ነገር ግን ይህ ጥበብ የሚደርሰው እስከ ደጃፍ ነው። በሩን የሚከፍተውም፣ የሚሰጠውን የሚመጥነውም፣ «በቃ ሂዱ» የሚለውም የቤቱ ባለቤት ነው። በሽታን የሚፈራ ማኅበረሰብ ለጥበቡ ጆሮውን ሰጠው፤ ለሰውየው ግን ወንበር አልሰጠውም።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚሁ በጎጃም ምድር የታወቀ ነው። በቅኔ ቤት ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚሄድ ስለሆነ ዐይነ ስውር ተማሪ ከሚያይ ጓደኛው እኩል ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህም ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ዐይነ ስውራን መምህራንም ከእነዚህ ቤቶች ወጥተዋል። መምህሩ ተቀምጠው፣ የሚያዩት ተማሪዎች ዙሪያቸውን ከበው የቆጠሩትን ቅኔ ይነግሯቸዋል። መምህሩ ያርማሉ፤ የተበላሸውን ያስጥላሉ፤ የተዋጣለትን ያጸድቃሉ። እኛ በሥርዓት ከዚያ ትምህርት ቤት የተለየን ብንሆንም የምንማረው አለ። እዚያ ዐይነ ስውሩ ሰው የሚያቀርብ ብቻ አይደለም፤ ቅኔው ቅኔ መሆን አለመሆኑን የሚፈርድ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥበቡ መጠን አይደለም። ላሊበላውም ጥበበኛ ነው፣ የቅኔ መምህሩም ጥበበኛ ናቸው። ልዩነቱ ማን እንደሚወስን ነው። አንዱ በደጅ ቆሟል፤ ሌላው በወንበር ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ የጥበብ ቤት አካታች ነው ሲባል የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መድረኩ ላይ ማን አለ?» የሚል መሆን የለበትም። «ወንበሩ ላይ ማን አለ?» የሚል ነው።

ከአዱኛ እስከ ዴስቲኖ

በዘመናችን ይህን ጥያቄ በተግባር የሚያሳይ ታሪክ በአዲስ አበባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ ያህል የጎዳናና የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ጋር አንድ ትልቅ ትርኢት አዘጋጀ። ከእነዚያ ልጆች መካከል 18ቱ ተመርጠው ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ። አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን የተወለደው እንዲህ ነው። የሥልጠናው ዓላማ ልጆቹ ጥሩ ተወዛዋዥ እንዲሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ተመልሰው ሌሎችን እንዲያስተምሩም ነበር።

አዱኛ ቆይቶ አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች የሚያካትት ቡድን አደራጀ። በዚህ ሥራ የረዳቸው አደም ቤንጃሚን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ውስጥ ካንዱኮ የተባለውን አካታች የዳንስ ቡድን ከሴሌስት ዳንዴከር ጋር የመሠረተ ነው። የሴሌስት ታሪክ ለጉዳያችን ይጠቅማል። የታወቀ ቡድን ተወዛዋዥ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1973 በመድረክ ላይ ወድቃ አከርካሪዋ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ካንዱኮ ሲመሠረት እርሷ በክብር እንግድነት አልተጠራችም። ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ እስከ 2007 ድረስም የጥበብ ዳይሬክተር ሆና መራችው። ምን ዓይነት ዳንስ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀጠር፣ የትኛው ሥራ ለመድረክ እንደሚበቃ የምትወስነው እርሷ ነበረች።

ከአዱኛ 18 ልጆች መካከል ሁለቱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ናቸው። ጁነይድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ የተባለው የሰዓት ኩባንያ በሚደግፈው ፕሮግራም ከጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱ ጓደኛሞች ለንደን በሚገኘው ሳድለርስ ዌልስ በተባለው ታላቅ የዳንስ ቤት «ዴስቲኖ» የተሰኘ ዝግጅት አቀረቡ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በዚያው ስም አዲስ አበባ ውስጥ የዳንስ ቡድን መሠረቱ፤ አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ወጣቶች አብረው ያሠለጥናሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ ለንደን መድረሳቸው አይደለም። በልጅነታቸው የሚያሠለጥኗቸው፣ ፕሮግራም የሚያወጡላቸው፣ ገንዘብ የሚያፈላልጉላቸው ሌሎች ነበሩ። ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እነርሱ ናቸው። መንገድ ያሳዩዋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀጣዩን መንገድ ግን ራሳቸው መረጡ። ጥሩ መሪ ማለት የሚመራው ሰው አንድ ቀን ወንበሩን እንዲረከብ አስቦ የሚያሠለጥን ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም።

ግን ጥያቄው እዚህ አያልቅም። ከጎዳና የመጣው ልጅ እስከ መሪነት መሻገር ከቻለ፣ በክራንች የመጣችው ልጅስ? በምልክት ቋንቋ የሚነጋገረውስ? ይህ ጥያቄ በአገራችን ያለ ማንኛውም የጥበብ ቤት፣ የእኛን አዳራሽ ጨምሮ፣ በየዓመቱ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ተቆጣጣሪ የሌለው መሪ

«ዋናው ነገር ሥራው መሠራቱ ነው፤ ማን ወሰነ፣ ማን አልወሰነ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን መራራ ታሪክም በአገራችን አለ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፤ ልጆቹ በአውሮፓና ከዚያም ባሻገር እየተዘዋወሩ ትርኢት አሳዩ። በረሃብ ብቻ ትታወቅ የነበረች አገር ልጆች በሰው ትከሻ ላይ ሲቆሙና በአየር ላይ ሲገለባበጡ ዓለም አጨበጨበ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ቡድኑ አውስትራሊያ በሄደ ጊዜ አንዳንድ አባላት ጥገኝነት ጠየቁ፤ በኃላፊ መበደላቸውንም ተናገሩ። የቡድኑ መሥራችና ዳይሬክተር በነበረው የውጭ ዜጋ ላይም ልጆችን በደለ የሚል ከባድ ውንጀላ ተነሣ።

ይህን የማነሣው የማንንም ቁስል ለመነካካት አይደለም። ነገሩ ግን ለማናችንም ትምህርት ነው። ሥልጠናውን የሚሰጠው፣ ወደ ውጭ ማን እንደሚሄድ የሚመርጠው፣ እርዳታ ሰጪዎችን የሚያነጋግረው አንድ ሰው ሲሆን፣ የተበደለ ልጅ ለማን ይናገራል? የሚናገርለት ቢያገኝስ ማን ያምነዋል? ጭብጨባው በበዛ ቁጥር የልጁ ድምፅ ያንሳል። «ይህን ሁሉ ያደረገልህን ሰው?» ይባላል። በአካል ጉዳተኛ ወጣት ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ወደ ልምምድ የሚያመላልሰው፣ ልብሱን የሚያለብሰው፣ ንግግሩን የሚተረጉምለት ያው በዳዩ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ በየቀኑ የሚመራና ከበላይ የሚያስተዳድር አካል መለየታቸው የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። አሠልጣኙ ቅርብ መሆን አለበት፤ ልጆቹን በስም፣ በጠባይ፣ በድካማቸው ሊያውቃቸው ይገባል። ቦርዱ ወይም ኮሚቴው ደግሞ አሠልጣኙን ሊጠይቅ የሚችል፣ ካስፈለገም «በቃ» ሊለው የሚችል መሆን አለበት። ያ ቦርድ ከተመሪዎቹ ወገን ሰው ከሌለበት ደግሞ የሚሰማው የአሠልጣኙን ሪፖርት ብቻ ነው።

በሰርከስ ምክንያት ሰርከስን መጥላት ግን አይገባም። በክልላችን በደብረ ብርሃን ከተማ ያለው ሰርከስ ደብረ ብርሃን መስማት የተሳናቸውንና ሌላ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ከሌሎች ጋር አብሮ በማሠልጠን ይታወቃል። በሰርከስ ውስጥ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም፣ ከላይ ያለው ከታች ያለውን፣ ከታች ያለውም ከላይ ያለውን ካላመነ ሁለቱም ይወድቃሉ። በመድረኩ ላይ እንዲህ የሚተማመኑ ሰዎች በስብሰባ ላይ የማይደማመጡበት ምን ምክንያት አለ?

ፍቅር ሳይጎድል የጎደለ ነገር

«እኛ እኮ እንወዳቸዋለን፤ ፍቅር ካለ ምን ቁጥጥር ያስፈልጋል?» የሚለው መልስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው። ይህን መልስ በቁም ነገር ልንመረምረው ይገባል፤ ምክንያቱም ከልብ የሚነገር ነው። ለዚህ ሁላችሁም የምታውቁትን የሜምፊቦስቴን ታሪክ እንደገና እንመልከት።

በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 ዳዊት ስለ ዮናታን ሲል ሁለት እግሩ ሽባ የሆነውን ሜምፊቦስቴን ፈልጎ አስመጣው፤ የአያቱን መሬት መለሰለት፤ በንጉሥ ማዕድም ሁልጊዜ እንዲበላ አደረገ። ስለዚህ ምዕራፍ ብዙ ስብከት ሰምተናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ አንሰማም። በምዕራፍ 16 ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ አህዮች ጭኖ፣ እንጀራና ዘቢብ ይዞ መጣ። ጌታው ወዴት እንዳለ ሲጠየቅም የአባቱን ቤት መንግሥት ተስፋ አድርጎ በኢየሩሳሌም ተቀምጧል አለ። ዳዊት በዚያው ሰዓት፣ ሌላውን ወገን ሳይሰማ፣ የሜምፊቦስቴን ንብረት ሁሉ ለሲባ ሰጠው።

በምዕራፍ 19 ሜምፊቦስቴ ራሱ ቀረበ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልጠነቀቀም፤ ጢሙን አላበጀም፤ ልብሱን አላጠበም ነበር። ሽባ ስለሆነ አህያ ተጭኖለት አብሮ ሊሄድ ፈልጎ እንደነበር፣ አገልጋዩ ግን እንዳታለለው ተናገረ። ዳዊት ነገሩን ሳይመረምር መሬቱን ሁለታችሁ ተካፈሉ ብሎ ቆረጠ።

ልብ በሉ፤ የዳዊት ፍቅር የውሸት አልነበረም። ማዕዱም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን መሬቱ ሲሰጥ ሜምፊቦስቴ አልተጠየቀም። ስለ እርሱ የተናገረለት ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ጥቅም ነበረው። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ቀርቦ ለመናገር እንኳ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገው ነበር፤ አህያዋን የሚጭንለት ያው የሚከሰው ሰው ነውና። እንግዲህ ማዕድ ላይ መቀመጥና ምክር ላይ መቀመጥ አንድ አይደለም። ሰውን መውደድና ሰውን መስማት አንድ አይደለም። በፍቅር የሞላ ልብ ያለው ንጉሥ በአንድ ወገን ቃል ተሳስቶ ከፈረደ፣ የእኛ ኮሚቴ እንደማይሳሳት ምን ዋስትና አለን?

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «አካል ጉዳተኛ መሆን ሙያ አይደለም፤ አስተዳደር ዕውቀት ይፈልጋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዕውቀት ይፈልጋል። ግን ዕውቀት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ዘማሪዋ በዊልቸር ወደ መድረኩ እንዴት እንደምትወጣ፣ አስተርጓሚው የት ቢቆም መስማት የተሳነው ወጣት ፊቱንም እጁንም እንደሚያይ፣ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሒሳብና የደንብ ዕውቀት ደግሞ ለማንም የሚማር ሰው ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ዓይነ ስውራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ከተመሠረተ ወዲህ ዐይነ ስውራን ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ከዚሁ ከአማራ ክልል የተገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዐይኗን ብርሃን አጣች፤ ሕግ ተማረች፤ በአካል ጉዳትና በልማት ላይ የሚሠራ ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ሙያ የለም የሚል ሰው ዕድል ሰጥቶ ያጣ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ሁለተኛው «እኛ አንድ ሰው አስገብተናል» የሚል ነው። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መስማት የተሳነው ወንድም ያለ አስተርጓሚ በስብሰባ ላይ ቢቀመጥ በቃለ ጉባኤ ላይ ስሙ አለ እንጂ እርሱ የለም። ዐይነ ስውር እኅት የስብሰባውን ወረቀት የሚያነብላት አስቀድሞ ካልተመደበላት ከድምፅ መስጫው ሰዓት በፊት ምንም አታውቅም። ለፎቶግራፍ የተቀመጠ ሰው ከላሊበላው ብዙም አልራቀም፤ ደጃፉ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ወጣት በቦርድ ላይ ተቀምጦ በጀት ሊያጸድቅ ይችላል ወይ? ሁሉም ሰው ሁሉንም ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም። ግን ይህ ወጣት የትኛው ዜማ ደስ እንደሚለው፣ የትኛው አሠልጣኝ እንደሚያስፈራው፣ መድረክ መውጣት እንደሚፈልግ ወይም እንደማይፈልግ በራሱ መንገድ ይናገራል። በፊቱ፣ በእጁ፣ በመምጣቱና በመቅረቱ ይናገራል። ቤተሰቡ ሊያግዘው ይገባል፤ ሆኖም የቤተሰብ ቃል የእርሱን ቃል የሚተካ መሆን የለበትም። የሚያስተዳድረው ሰው ግዴታ ይህን ቋንቋ መማር ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። አካል ጉዳት ሰውን ቅዱስ አያደርግም። ወንበር ላይ የተቀመጠ አካል ጉዳተኛ እንደ ማንኛውም ሰው ሊያዳላ፣ ሊያጠፋ፣ ሥልጣኑን ሊወድ ይችላል። ስለዚህ የምለው «እነርሱ ይሻላሉና ስጧቸው» አይደለም። የምለው ስለ አንድ ሰው ሕይወት በሚወሰንበት ቦታ ያ ሰው መኖር አለበት፤ የሚወስን ሁሉ ደግሞ ሊጠየቅ ይገባል ነው። ይህ ለሁሉም እኩል ይሠራል።

ከአዳራሻችን ይጀምር

ሕጋችን ለዚህ በር ከፍቷል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አንድ ድርጅት በማኅበር መልክ ሊቋቋም ይችላል፤ ያን ጊዜ የበላዩ አካል የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ወይም በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የበላዩ አካል ቦርዱ ራሱ ነው። አንዱ ከሌላው ይሻላል አልልም። ግን አንድ ቀን ከእናንተ መካከል በአዴት ወይም በፍኖተ ሰላም አካታች የጥበብ ማዕከል የሚመሠርት ቢነሣ፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ሲጽፍ ይህን ያስብ። ማኅበር ከሆነ የሚማሩት ወጣቶች አባል ሆነው ድምፅ አላቸው ወይ? በቦርድ የሚመራ ከሆነ ወንበሮቹን የሚሞላው ማን ነው? ቁልፉ ያለው በዚህች አንዲት አንቀጽ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ጥያቄ አግኝታዋለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ማዕድ ተረሱ፤ ማጉረምረምም ሆነ። ሐዋርያት «እኛ እናስብላችኋለን» ብለው አላለፉትም። ሰዎችን እንዲመርጡ ለጉባኤው ተዉለት። የተመረጡት የሰባቱ ስሞች ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው። የተረሱት ወገኖች ሰዎች የሚያድሉ ሆኑ እንጂ ተቀባይ ብቻ ሆነው አልቀሩም።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ብዙ ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ኮሚቴ ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። በቡድናችን ውስጥ አካል ጉዳት ያለባቸው አባላት ለኮሚቴ ተጠቁመው ያውቃሉ? የምንሰበሰብበት ቤት፣ የምንናገርበት መንገድና የምንጽፈው ወረቀት እነርሱ ሊገቡበት፣ ሊሰሙትና ሊያነቡት የሚችል ነው? አሠልጣኝ ወይም መሪ ቢበድላቸው ከእርሱ ሌላ የሚናገሩለት ሰው አላቸው? ለሦስቱም መልሱ «የለም» ከሆነ ቡድናችሁ በዜማው የታወቀ ቢሆንም አካታች አይደለም።

መልሱን «አዎ» ለማድረግ የሚያስፈልገው ሕንፃም የውጭ እርዳታም አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ወንበር ይጨመር፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ወደ ስብሰባው የሚያደርሰው ይመደብ፤ ሲናገርም ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ የሚለውን ነገር አስቀድመን አናውቀውም። የምንጠይቀውም ስለማናውቀው ነው።